ያላነበበችው ለውጥ

ወረታ መናኸሪያ አጠገብ እየኖረ በባጃጅ ጥሩምባ የማይነቃ ሰው የለም። አምሳል ባየህ ግን ከባጃጆቹም ቀድማ የምትነሣ ሴት ነበረች። አከራይዋ ደግ ባልቴት ናቸው። ጎህ ሲቀድ በበሯ ስንጥቅ የሚወጣውን ብርሃን እያዩ ለጸሎት የምትነሣ ይመስላቸውና፣ «እንዳንቺ ያለ ጸሎተኛ በዚህ ዘመን የት ይገኛል!» እያሉ ያመሰግኗታል። እሷም ለማረም ታፍራለች። አምሳል ጎህ ሲቀድ የምትነሣው፣ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በአንድ ፕሮግራም ላይ ያደረጉትን ለውጥ ለማንበብ ነበር።

ፕሮግራሙ ጤና ጣቢያዎች እናቶችንና ሕፃናትን የሚመዘግቡበት፣ የክትባት ቀጠሮ የሚሰጡበት ነው። አንድ ባለቤት የለውም። የተጻፈበት ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል፣ «ይህ መስመር ይውጣ፣ ይህ ይግባ» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። የሚወጣው በቀይ፣ የሚገባው በአረንጓዴ ይታያል። ሌሎቹ አንብበው ይከራከሩበትና ወይ ያጸድቁታል ወይ ይመልሱታል። ከሕንድ የሚጽፍ አለ፣ ከኬንያ የምትጽፍ አለች። ከወረታ የምትጽፈው አምሳል ብቻ ነበረች።

የገባችበትም በብስጭት ነው። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ስትጨርስ፣ ወረታ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። በመጀመሪያው ሰሞን ነርሶቹ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ለመመለስ በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲሰርዙ አየች። ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም ነበር። ተቀምጣ ጻፈችና ሐሳቧን አቀረበች። ሥራውን የሚመራው ማርቲን የሚባል ፈረንጅ ነው፤ ፊቱን አይታው አታውቅም። «እውነት አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር አላችሁ?» ብሎ ጻፈላት። «አለን፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ይሆናል» ብላ መለሰችለት። ሉቃስ ማን እንደሆነ፣ ለምን በአራት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ ማስረዳት ኮዱን ከመጻፍ የበለጠ ደከማት። ሁለት ጊዜ ተመለሰባት። በሦስተኛው ጸደቀ።

ከዚያ ወዲያ ማርቲን አመናት። ዘመን አቆጣጠሩን የሚነካ ለውጥ ሁሉ ያለ አምሳል ፈቃድ እንዳይገባ ስሟን ጠባቂ አድርጎ አስገባው። ለበዓል ወደ አባቷ አገር ወርዳ ይህንኑ ብትነግራቸው፣ አቶ ባየህ የሩዝ ማሳቸውን እያዩ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያ ዘበኛ አደረጉሽ በይኛ» አሉ። ሣቀች። ነገሩ ግን እንዳሉት ነበር።

ዘበኛ ሆነችና በየማለዳው ታነብ ጀመር። የራሷን ክፍል ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ታነባለች። ሳታያቸው ሰዎቹን በአጻጻፋቸው ለየቻቸው። ኬንያዊቷ ጠንቃቃ ናት፤ አንድ መስመር ከመለወጧ በፊት ምክንያቱን በሦስት መስመር ታስረዳለች። ሕንዳዊው ችኩል ነው፣ ሲታረም ግን አመስግኖ አይጠግብም። እነዚያ ሰዎች ስትሳሳት ይነግሯታል፣ ስትነግራቸው ይሰሟታል። በጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ሐሳቧን የሚሰማት ሳታገኝ ብዙ ዘመን የቆየች ሴት፣ ይህ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር፤ ተገኘ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ። ተገኘ በዚያው ጤና ጣቢያ አብሯት የሠራ፣ አእምሮው ፈጣን፣ ወሬው የሚጣፍጥ ልጅ ነው። ለውጥ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ ያስተማረችው እሷ ናት። ኋላ አዲስ አበባ ደህና ሥራ አገኘና ሄደ። እሑድ እሑድ ግን መደዋወላቸውን አልተዉም።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ አገሩ ታወከ፤ ኢንተርኔቱም ጠፋ። አንድ ማለዳ ስልኳን ብታነሣ ምንም አይከፈትም። ከሰዓት በኋላ ይመጣል አለች። ለፍልሰታ ይመጣል አለች። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ሩዝ ታጨደ፣ የጥምቀት ታቦት ወጥቶ ገባ፤ አልመጣም። ስልክ መደወል ይቻላል፤ ያም ሲፈቅድ ነው። ጎህ ሲቀድ መንቃቷን ግን ሰውነቷ አልተወም። ተነሥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና የምታነበው ታጣለች። አከራይዋ ብርሃን ሳያዩ ሲቀሩ፣ «ምነው ልጄ፣ ጸሎቱን ተውሽው?» ብለው አዘኑባት።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለተገኘ ደውላ፣ «ለማርቲን ንገርልኝ። የጠፋሁት ወድጄ እንዳልሆነ ይወቅ» አለችው።

«እነግርልሻለሁ፣ ምን ችግር አለው!» አላት።

ከዚያም በየእሑዱ ሲደዋወሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እጮኛው፣ ስለ ሠርጉ ያጫውታታል። ስለ ፕሮግራሙ ስትጠይቀው፣ «እንዳለ ነው፣ አንቺ ደግሞ አትጨነቂ» ይላትና ወሬውን ያዞራል።

በግንቦት መንገድ ለጥቂት ቀን ተከፍቶ ሳለ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀይለየሱስ ከስብሰባ በፍላሽ የመጣ የፕሮግራሙን አዲስ እትም ይዘው ገቡ።

«ይኸው፣ ሁሉም ዘንድ እየተጫነ ነው። ዛሬውኑ ጫኝልን» አሏት።

አምሳል ፍላሹን ከፍታ አየች። ያለቀለት ፕሮግራም ብቻ ነው ያለው። ማን ምን እንደለወጠ፣ ለምን እንደለወጠ የሚያሳየው የለም።

«የተለወጠው ምን እንደሆነ ሳላይ ባልጭነው ደስ ይለኛል» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ አታብዥብን» አሉ አቶ ሀይለየሱስ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ሁሉም በሚሠራበት እኛም እንሥራበት።»

ወጥታ ለተገኘ ደወለች። «አዲሱን ልጭን ነው። ዘመን አቆጣጠሩን የነካው ሰው አለ?»

«ጫኚው ባክሽ፣ ደህና ነው» አላት።

ደህና ነው ካለ ደህና ነው ብላ ጫነችው። በዚያ ላይ ያለ እሷ ፈቃድ ያ ክፍል እንደማይነካ ታውቃለች፤ ስሟ በር ላይ ቆሟል። ፕሮግራሙ ከነበረው ፈጥኖ ሲሠራ ነርሶቹ ደስ አላቸው።

አዲስ ዓመት አለፈና መስከረም ስምንት ቀን፣ ረቡዕ ጧት፣ አምሳል ከክትባት ክፍሉ በር ክርክር ሰማች። ከሐይቁ ዳር የመጣች ውባየሁ የምትባል ሴት፣ ሕፃን አዝላ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ቆማለች። ያን ሰሞን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው ያለ ታንኳ አይወጣም።

«እቴ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» ይላታል ክትባት ሰጪው አበረ። «የኩፍኝ ክትባት ሐሙስ ሐሙስ ነው የምንሰጠው። ብልቃጧ አንዴ ከተከፈተች ለብዙ ልጅ ናት፤ ላንድ ልጅ ብዬ ብከፍታት የቀረው ይደፋል። ነገ ነይ።»

«ነገማ ማን ያሻግረኛል? ታንኳው የኔ አይደል። ወንድሜን ለምኜ፣ ከአረም አስቀርቼው ነው የመጣሁት። ይኸው ካርዱ፤ ባልማርም አስነብቤዋለሁ። መስከረም ስምንት አይልም?»

አበረ ካርዱን አየ። «ይላል» አለ ግራ ገብቶት።

«የጻፋችሁትን እናንተው ካላወቃችሁት፣ እኔ ምን ላድርግ?»

አምሳል ቀረብ አለች። «እኔ ቤት እደሪ፤ ቅርብ ነው። ነገ በጧት አስከትበሽ ትሄጃለሽ።»

ውባየሁ ቀና ብላ አየቻት። «እግዜር ይስጥሽ። የቀሩትን ልጆቼን ውኃ ከቧቸው ትቼ የት አድራለሁ?» አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

አምሳል ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ነገሩ ግን አልለቀቃት አለ። ሴትዮዋ የተቀጠረችው ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ ለት ነው። ቀጠሮው ለአምስት ሳምንት። ከሐሙስ ተነሥቶ በሳምንት የተቆጠረ ቀጠሮ ሐሙስ ይውላል እንጂ እንዴት ረቡዕ ይሆናል? ፕሮግራሙን ከፈተችና ቀጠሮውን አንድ በአንድ አስቆጠረችው። ነሐሴን ጨረሰ። ጳጉሜ አምስትን አለፈ። ከዚያ «ጳጉሜ 6፣ 2016» አላት።

ዘመኑ ዮሐንስ ነበር። በዮሐንስ ጳጉሜ ስድስት የለችም። የሌለች ቀን ቆጥሮ፣ አዲስ ዓመትን የተሻገረውን ቀጠሮ ሁሉ ከቀኑ አንድ ቀን አስቀድሞታል።

ውባየሁን ፍለጋ ወደ መንገዱ ሮጠች። ወደ ታች የሚወርደው ባጃጅ ሄዷል። አቶ ሀይለየሱስ ደብረ ታቦር ናቸው፤ ስልካቸው አይነሣም። ተመልሳ ከራሷ ኮምፒውተር ላይ የነበረውን የድሮውን ፕሮግራም ጫነችና የተበላሹትን ቀጠሮዎች ለቀመች። ስልክ ያላቸውን ደውላ አስተካከለች። የከተማው እናቶች እያጉረመረሙም ቢሆን በማግሥቱ መጡ። ስልክ የሌላቸው፣ ከውኃው ወዲያ ያሉት ቀሩ። ውባየሁ አልመጣችም። በሚቀጥለው ሐሙስም አልመጣችም።

በስብሰባ ላይ አቶ ሀይለየሱስ፣ «ኮምፒውተሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲመጣ ማንን እንጠይቅ?» አሏት በሰው ፊት። «ባልጭነው ደስ ይለኛል» ማለቷን እሳቸውም ረስተውታል፣ እሷም አላነሣችባቸውም። ብታነሣስ? ጭናዋለች።

አበረ ወደ ሐይቁ ዳር ለመውረድ መንገዱ ሲፈቅድለት ጥቅምት ገብቶ ነበር። አምሳል ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። ውኃው ሸሽቶ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመሩን ጥሏል፤ ሩዙ ዘለላውን ደፍቶ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የውባየሁን ቤት እንዲያሳዩአቸው የጠየቋቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ልጇን ልትጠይቁ ነው?» አሏቸው። አበረና አምሳል ተያዩ።

ሕፃኑ በጋቢ ተሸፍኖ መደብ ላይ ተኝቷል። ውባየሁ ጋቢውን ስትገልጠው ፊቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ በቀይ ሽፍታ ተሞልቷል። ዓይኖቹ አብጠው ተጣብቀዋል። አበረ የክትባት ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ አልከፈተውም። አጎንብሶ ሕፃኑን ነካካው፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ነገራት።

«ያን ቀን ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው፣ ውባየሁ» አለች አምሳል። «አንቺ በቀጠሮሽ ነው የመጣሽ።»

«ኮምፒውተሩን ማን አዘዘው?»

«እኔ ነኝ የጫንሁት።»

ትቆጣለች፣ ትረግማለች ብላ ጠበቀች። ውባየሁ ግን ፊቷን አተኩራ አየችና፣ «አንቺ አይደለሽ እንዴ እደሪ ያልሽኝ?» አለች።

«ነኝ።»

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው። እሺ ብዬ አድሬ ቢሆን…» ብላ ጋቢውን መልሳ በልጁ ላይ ሳበች።

«አይደለም፣ ያንቺ አይደለም…» አምሳል መናገር ጀመረች። ጳጉሜን፣ ዮሐንስን፣ ፍላሹን አነሣች። ውባየሁ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት፤ ለማጽናናት የተባለ መስሏት። ሰምታ ከጨረሰች በኋላም፣ «ማደር ነበረብኝ» አለች።

ልጁ ተረፈ። የቀኝ ዓይኑ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ።

ኢንተርኔቱ ወደ አምሳል ስልክ የተመለሰው ኅዳር ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት ሥራ አልሠራችም። ካቆመችበት ቀን ጀምራ፣ ማንም ያደረገውን አንድም ለውጥ ሳትዘልል ታነብ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስሟ ይጠራል፤ «አምሳልን እየጠበቅን ነው» ይላሉ። ቆይቶ ኬንያዊቷ፣ «ደህና መሆኗን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብላ ጠይቃለች። ያን ስታነብ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከሥሩ ተገኘ ራሱ መልሷል፦ «ያለችበት አካባቢ ኢንተርኔት የለም፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። እስከዚያው ቦታዋን እኔ ልሸፍን።»

በማግሥቱ የገባው ለውጥ ሁለት መስመር ነው። ስሟ በቀይ ወጥቷል። በቦታው «ተገኘ» የሚለው ስም በአረንጓዴ ገብቷል።

ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ቀጠሮ ቆጣሪው መጣ። የሷ ረጅሙ ጽሑፍ ሁሉ ቀልቶ ወጥቶ፣ በቦታው አጭር፣ ፈጣን፣ የሚያምር ነገር ገብቷል። ተገኘ የፈረንጁ የካቲት ሃያ ዘጠኝ የሚሆንበትን ዓመት ይዞ፣ ጳጉሜም በዚያው ዓመት ስድስት ትሆናለች ብሎ ቆጥሮታል። የኛ ጳጉሜ ግን ከዚያ የካቲት በፊት በነበረው መስከረም ዋዜማ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ቀድማ ነው ስድስት የምትሆነው። ሕንዳዊው፣ «እንዴት ያለ ማሳጠር ነው!» ብሎ አመስግኗል። ማርቲን አጽድቋል። ጳጉሜን ከሚያውቅ ሰው ያነበበው የለም፤ ጠባቂው ራሱ ጸሐፊው ነውና።

እሑድን አልጠበቀችም። ደወለች።

«ተገኘ፣ በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜ ስንት ናት?»

መጀመሪያ ሣቀ። ኋላ ሣቁን አቆመ። ነገረችው፤ ረቡዑን፣ ውኃውን፣ የልጁን ዓይን።

«አምሳልዬ፣ እንዲህ ያለውንስ በኔ ላይ አታድርጊው» አለ። «ተሳስቼ ይሆናል። ግን አንቺን ብንጠብቅ ሥራው ዓመት ሙሉ ይቆም ነበር እኮ። አንቺ የለሽም ነበር።»

«ስልኬ ይሠራ ነበር» አለችው። «የሙሽራህን የሠርግ ልብስ ቀለም ሳይቀር ነግረኸኛል። ስሜን አውጥተህ ስምህን እንዳስገባህ ለምን አልነገርኸኝም? ያን ለውጥ በቃል ብታነብልኝ በስልክ እሰማህ ነበር። በግንቦት ጠይቄህ አልነበር?»

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።»

አምሳል ስልኩን ዘጋችው።

ለማርቲን ጻፈች፤ ማረሚያውንም እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ሐሳብ አድርጋ አቀረበች። አጽዳቂው ተገኘ ስለሆነ ተገኘ እስኪያየው ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል ሳይጨምር አጸደቀው። ማርቲን በሕይወት በመገኘቷ እጅግ መደሰቱን፣ ስለ ሕፃኑም ማዘኑን ጻፈላት። ጠባቂነቱን ግን አሁን ተገኘ በደንብ ይዞታል፤ እሷ ጥቂት ወራት ሳትቋረጥ ብትሳተፍ ያን ጊዜ ይታሰብበታል አለ። «ሳትቋረጥ» የምትለዋን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። ክፋት አልነበረበትም። ኢንተርኔት የሚቋረጠው ሰው ሲሰንፍ የሚመስልበት አገር ሰው ነው።

አዲሱ እትም ሲወጣ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ ማስታወቂያ አብሮ ወጣ። ከአዳዲሶቹ ነገሮች ሁሉ በታች፣ «ጥቃቅን ማስተካከያዎች» በሚለው ሥር፣ የጳጉሜው እርማት በአንድ መስመር ተጽፎ አገኘችው።

አቶ ሀይለየሱስ ይህንኑ እትም በፍላሽ ይዘው በመጡ ጊዜ አምሳል፣ «እያንዳንዱን ለውጥ አንብቤ እስክጨርስ አልጭንም፤ ሳምንት ስጡኝ» አለች። አቶ ሀይለየሱስ አልተከራከሯትም። ሐሙስ ለት እሷ ምሳ ስትወጣ ከካርድ ክፍል አንድ ሠራተኛ ጠርተው አስጫኑት።

ከምሳ ስትመለስ ነርሶቹ እየሠሩበት ነበር። ቆማ አየቻቸው። ደህና ይሠራል። ቀጠሮዎቹም ልክ ናቸው። አበረ ወንበሯን ሳብ አድርጎላት፣ «አየሽ፣ ምንም አልሆነም» አላት፤ ሊያጽናናት ነው።

«አዎ» አለችው። «ምንም አልሆነም።»

ዛሬም አምሳል ወረታ ናት፣ በዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ለፕሮግራሙ መጻፉን ትታዋለች። በየሐሙሱ ግን ከውኃው ወዲያ የሚመጡትን እናቶች ካርድ አንድ በአንድ እየተቀበለች ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች። ነርሶቹ፣ ኮምፒውተሩ እያለ ምን ያደክምሻል እያሉ ይሥቁባታል።